«በጥናት ላይ ነው» ስለተባለው ጥናቴ

ለክቡር ዶ/ር ሕዝቅያስ ገብረወልድ
ስሙን ለክብሩ ስል የማልጠቅሰው ሆስፒታላችን ሜዲካል ዳይሬክተር

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ከስብሰባ ወደ ስብሰባ የምታመላልስዎ መኪናም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔም ባለፈው ዓመት ተመርቄ በሥርዎ የተመደብኩት ሐኪም፣ ተረኝነት ከሚያሳጣኝ እንቅልፍ በቀር፣ ደህና ነኝ።

በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። ለቢሮዎ ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች ሁሉ «ጉዳዩ በጥናት ላይ ነው» የሚል መልስ ስላገኙ ነው። ጥናት ልሥራ ብላ የጠየቀች ወጣት ጥያቄዋ ራሱ የሚጠናበት መሥሪያ ቤት ማግኘቷ ትልቅ ዕድል ነውና አመሰግናለሁ። ቅሬታዎቼም፣ ቅሬታ ከተባሉ፣ እነሆ፦

አንደኛ፣ የክፍል ጓደኞቼ ሻንጣቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እርስዎ ሚዛን ተፈሪ ድረስ መጥተው፣ በአባቴ ሱቅ ውስጥ ሻይ እየጠጡ፣ «ጋሽ ሻሚል፣ አርዋን ለእኛ ተዉልን፤ ሦስት ቀን ታክማለች፣ ሁለት ቀን ትመራመራለች» አሉ። አባቴ ይህን ቃል ለገበያው ሁሉ አወራው። ሁለቱ ቀናት እስካሁን አልደረሱኝም፤ ምናልባት እነሱም በጥናት ላይ ይሆናሉ።

ሁለተኛ፣ በቡና ለቀማ ወቅት ትኩሳት ይዟቸው የሚመጡ ለቃሚዎች እንዳሉ ያውቃሉ። ምርመራው ወባ የለም ይላል፤ እኛ ግን ሌላ የምንለው ስለሌለን የወባ መድኃኒት ሰጥተን እንሸኛቸዋለን፤ እነሱም ያንኑ ትኩሳት ይዘው ይመለሳሉ። ታዲያ ምንድን ነው ብዬ መጠየቄ ሕክምናውን ትቼ አይደለም፤ ሕክምናው ራሱ ነው የጠየቀኝ። በእረፍት ቀኖቼ ከፈቃደኞቹ ደም ወስጄ፣ በእርስዎ ፈቃድ፣ ላቦራቶሪው ፍሪዘር ውስጥ አስቀመጥኩ። ደሙን ከመሰብሰብ አልከለከሉኝም፤ ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ይላክልኝ ስል ነው የእርስዎ ጥናት የጀመረው።

በዚህ መሀል «ሐኪም ተመራማሪዎችን ማፍራት» የሚል ዐውደ ጥናት አዘጋጁ። ለእንግዶቹ ውሃና ለስላሳ መቀዝቀዝ ስለነበረበት ፍሪዘሩ እንዲለቀቅ አዘዙ፤ ደሙም በካርቶን ሆኖ መስኮት ሥር ዋለ፣ አደረ። እኔ ማዋለጃ ክፍል ነበርኩ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ተረፈ፣ «ዶክተር፣ ምን ላድርግ፣ ከላይ ነው የታዘዝኩት» ብሎ አንገቱን ደፋብኝ። እርስዎ በዚያ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ «በእኛ ሆስፒታል ሕክምናና ምርምር ተጋብተዋል» እያሉ ነበር አሉ። በሠርጉ ባልገኝም፣ ውሃው ጥሩ ቀዝቅዞ እንደነበር ከታዳሚዎቹ ሰምቻለሁና እንኳን ደስ አለዎት።

ሦስተኛውን በቁጥር ማስቀመጥ ከበደኝ። ወይዘሮ ሎሚ የሚባሉ፣ ከቴፒ ወዲህ ቡና የሚለቅሙ ሴት አሉ፤ ደም መስጠት የፈሩትን ጓደኞቻቸውን አንድ በአንድ ያሳመኑልኝ እሳቸው ናቸው። በገበያ ቀን መጥተው፣ «ዶክተርዬ፣ ደሜ ምን አለ?» አሉኝ። ክቡርነትዎ፣ «በጥናት ላይ ነው» ልላቸው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። በአንድ ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ስላስተማሩኝ ምን ብዬ ላመስግንዎ? አፍሬ እውነቱን ነገርኳቸው። «እኔስ እንደገና እሰጥሽ ነበር፣ ልጄ፤ ያመጣኋቸውን ሰዎች ግን ምን ልበላቸው?» አሉ። ጥያቄውን ለሚመለከተው አካል፣ ማለትም ለእርስዎ፣ በአክብሮት አስተላልፌአለሁ። እኔ ግን ከሕክምናውም ከጥናቱም አልወጣም፤ ዘንድሮም ለቀማው ሲጀመር መርፌዬን ይዤ ወደ እርሻው እሄዳለሁ።

ሐኪምም ተመራማሪም አደርግሻለሁ ብለው ታዛቢ ላደረጉኝ አለቃዬ ከፍ ያለ አክብሮቴን እየገለጽኩ፣ የትናንት ተስፈኛዎ፣

ዶ/ር አርዋ ሻሚል

እንዳልረሳው፦ ጥናቱ ሲታተም ስምዎ ከስሜ ቀድሞ እንዲሰፍር መፈለግዎን ጸሐፊዎ ነግራኛለች፤ በደስታ። «ናሙናዎቹ የተያዙበት ሁኔታ» የሚለውን ክፍል ብቻ እርስዎ ራስዎ ቢጽፉልን፤ ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቀው የለም።