ስለ ተነሣው ጥላና ስለ ተዘጋው ቧንቧ ለገበያችን አስተዳዳሪ የቀረበ ምስጋና

ይድረስ ለተከበሩ የገበያችን አስተዳዳሪ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እመኛለሁ። ቢሮዎ ፎቅ ላይ ስለሆነና መስኮትዎም ወፍራም መጋረጃ ስላለው፣ የሰሞኑ ፀሐይ እንዳላገኘዎት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ በአትክልቱ መደብ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ጎመን የምሸጥ ሴት ነኝ። ከጎኔ ታላቅ እህቴ ትሸጥ ነበር። እርስዎ አያውቋት ይሆናል፤ ገበያተኛው ግን ጣቶቿን ውሃ ውስጥ እየነከረች ቅጠሉ ላይ ስለምታርከፈክፍ ጤዛ ብሎ ይጠራት ነበር።

አንደኛ፣ የሸራ ጥላችንን የገበያውን ገጽታ ያበላሻል ብለው ስላስነሡልን አመሰግናለሁ። እውነትዎን ነው፤ ሸራችን ቀለሙን የለቀቀና በየቦታው የተጣፈ ነበር። አሁን ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ለሚያይ ሰው ገበያው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ አንገቱን የሚደፋው ሰላጣው ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ መተላለፊያውን ያጨቀያል ብለው ቧንቧውን ስላስዘጉልን አመሰግናለሁ። ለጫማዎ ያደረጉት ጥንቃቄ ተገቢ ነው። ነገር ግን፣ ክቡርነትዎ፣ ቅጠል ከተቆረጠም በኋላ ይጠማል። እህቴ ይህን ታውቅ ነበር። ካሮት ሲመጣላት ቅጠሉ ሥሩን እየመጠጠ እንዳያጠወልገው ቆርጣ ትለየዋለች። ቲማቲሙን አንድ በአንድ በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች። ሰላጣውን ከነሥሩ ሳፋ ውስጥ አቁማ እርጥብ ጆንያ ታለብሰዋለች። የትናንቱን ከዛሬው ጋር ቀላቅላ ግን አታውቅም፤ ለብቻው አስቀምጣ፣ «ይሄ ያደረ ነው፣ ለሾርባ ይሆንሻል» ትል ነበር። ሥራዋ ማሳመር እንጂ ማታለል አልነበረም።

ቧንቧው ከተዘጋ ወዲህ ውሃ የምንቀዳው ከመኪና ማቆሚያው ወዲያ ነው። በስልሳ አንድ ዓመቷ ጄሪካን ተሸክማ በቀን አራት ጊዜ ትመላለስ ነበር።

ሦስተኛውን እንዴት ብዬ እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ባለፈው ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ጄሪካኑ ውስጥ የቀረው አንድ ኩባያ ውሃ ነበር። «እትዬ፣ ጠጪው እንጂ» አልኳት። «ቆይ እስቲ፣ ሰላጣው ሊሞትብኝ ነው» አለችኝና ሻሿን ፈትታ፣ በዚያው ውሃ ነክራ ሰላጣው ላይ ዘረጋችው። እሷ በባዶ ራሷ ፀሐይ ላይ ተቀመጠች። እኔም ዝም አልኩ፤ ዓይኔ የራሴ ጎመን ላይ ነበር። ጥቂት ቆይቶ አንዲት ደንበኛ ብትጠራት አልመለሰችም። ሳቅፋት ገላዋ እንደ እሳት ይፋጃል። የበሩ ጥበቃ እሷን የሚወስድ መኪና ለማስገባት ፈቃድ ያስፈልጋል ብሎ ወደ ቢሮዎ ደወለ። የምሳ ሰዓት ነበርና ስልኩን ያነሣ የለም። በሰው ሸክም ሐኪም ቤት ስናደርሳት ትንፋሽዋ አልነበረም።

ሻሿ ሥር የነበረው ሰላጣ እስከ ማምሻው አልጠወለገም። ልሸጠው አልቻልኩም።

ዝም ማለቴን በእርስዎ ላይ አላላክክም፤ እሱ የእኔ ነው፣ እስክሞት ይዤው እኖራለሁ። የእርስዎን ግን እርስዎ እንዲይዙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ሸራውና ቧንቧውም ለቀሩት ሴቶች እንዲመለሱላቸው፤ ከመካከላቸው እህቴን በዕድሜ የሚበልጡ አሉ።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ከወንበርዎ የማያነሣ ረጅም ዕድሜ እመኝልዎታለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የጤዛ ታናሽ እህት፣
ከሦስተኛው ረድፍ

ማስታወሻ፦ ቢሮዎ ለቀብሯ የላከው የአበባ ጉንጉን ደርሶናል፤ እግዜር ይስጥልን። አንድም ቅጠል አልጠወለገበትም። ያመጣው ሹፌር እንደነገረኝ፣ ሠራተኞችዎ ከጠዋት ጀምሮ ጥላ ውስጥ አስቀምጠው ውሃ ሲያርከፈክፉበት ነበር ያረፈዱት።