የእናትሽን መንገድ ስዘጋ

ለምወድሽ ልጄ ለራሄል፣

እንደምን ከረምሽልኝ? የሐዋሳ አየር ተስማማሽ? ያ የሚያስቸግርሽ ጨጓራስ ተወሽ? ባለቤትሽ ኪሩቤልና የልጅ ልጄ ናሆም ደህና ናቸው ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጤናዬን ከነገርኩሽ ጥፋቴንም ልንገርሽ። በተከለለው ደናችን መሃል ወደ ሚካኤል የሚወጣውን፣ «የእረኞች ሥራ ነው» እየተባለ የሚረገመውን አቋራጭ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

ተራራውን ዛሬ ብታዪው አታውቂውም። ወይራውና ክትክታው ተጠላልፏል፣ ድኩላ በጠራራ ፀሐይ ይታያል። ሣሩን አጭደን በሸክም እናወጣለን እንጂ ከብት አይገባም። ቅዳሜና እሁድ ከወልድያም ከአዲስ አበባም እንግዶች ይመጣሉ። እኔና ጓደኛዬ ሙሐመድዘይን ጠባቂዎች ነንና በተፈቀደችው አንዲት መንገድ እንመራቸዋለን። እሳት ማንደድ የለም፣ ቴፕ ማስጮህ የለም፣ ያመጡትን ላስቲክ ይዘው ይወርዳሉ። መንገዷ ከደኑ መሃል የሚፈልቀውን ምንጫችንን እንዳትነካ ደኑን ዞራ ነው የምትወጣው።

እኔ ግን ሌላውን እየከለከልኩ፣ ወር በገባ በሚካኤል ዕለት እናትሽ መቃብር ስሄድ በመሃል እቆርጥ ነበር። ደኑ ሳይከለል እሷን ተሸክመን የወጣነው በዚያ ነበራ። ብተወው ሁለተኛ የምቀብራት መሰለኝ። ዱካዬን አይቶ ሌላውም ተከተለኝ። ባለፈው ክረምት ጎርፍ ገብቶበት ቦረቦር ሆነ፤ አፈሩ ወርዶ ምንጩን ሊደፍነው ምንም አልቀረው። በስብሰባ ላይ የማዶ ሰፈር እረኞች ይቀጡ ሲባል እኔም እጄን አወጣሁ፣ ልጄ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ቆሜ እንኳ ልቤ አላርፍ አለኝ።

ባለፈው እሁድ ስብሰባው ላይ ተነስቼ ሁሉንም ተናገርኩ። ሙሐመድዘይን «ወላሂ፣ ፍየል ስናሳድድ የከረምነው ለካስ ባለ ነጠላ ፍየል ኖሯል!» ብሎ ሸንጎውን በሳቅ ገደለው። ኋላ ለብቻዬ ወስዶኝ፣ «የሻረግ ብትኖር፣ ምንጭ ደፍነህ ስትመጣ በማማሰያ ነበር የምትቀበልህ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ እናትሽን ታውቂያት የለ። እረኞቹን ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ቦረቦሩን በድንጋይ ክትር አብረውኝ ሊሠሩ እሺ ብለዋል። ምንጩ ይተርፋል፤ በዚህ አልጠራጠርም።

ኪሩቤልን በርታ በይልኝ። ናሆምን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ ሲመጣ ድኩላዋን በሩቁ አሳየዋለሁ። እህትሽ እየሩሳሌም ናፍቃሻለች። ሙሐመድዘይንም ሰላም በልልኝ ብሏል።

ትናንት የህዳር ሚካኤል ነበር። ማለዳ የጓሮዬን አጥር እሾህ ነቅዬ፣ የአቋራጩን አፍ ከላይም ከታችም ዘጋሁት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ፣ ደኑን ዞሬ ወጣሁ። እናትሽ ዘንድ የደረስኩት ቅዳሴ ከወጣ በኋላ ነው።

አባትሽ ካሳዬ
መርሳ፣ ሀብሩ
ህዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.