በመዝገብ የሞተው ማጠቢያ

እኔ የዚህ ቤት ባለቤት፣ በሰፈሩ «ሒሳብ ሹም» ተብዬ የምጠራ፣ ዕድሜዬ ሰባ ዘጠኝ የሆነ፣ ዛሬ ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በዘጠነኛው ቀን፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ይህን ኑዛዜ በአራት ምስክሮች ፊት አጽፋለሁ። አእምሮዬ ጤነኛ ነው። ይህን ለማረጋገጥ ጸሐፊው ጠበቃ «ጋሼ፣ አሥራ ሰባት በሃያ ሦስት ሲባዛ?» ብሎኝ ሦስት መቶ ዘጠና አንድ ብዬዋለሁ፤ መልሱን በስልኩ ያጣራው እሱ ነው። ጉልበቴን፣ ጆሮዬንና ኩላሊቴን በሚመለከት ግን ማረጋገጫ አልሰጥም።

ሰባ ዓመት ሲሞላኝ ዕድሜዬን ዘግቼ ነበር። አባቴም አያቴም በሰባ ስለሞቱ የእኔም የአገልግሎት ዘመን ሰባ ነው ብዬ ደመደምሁና አዲስ ልብስ መግዛት አቆምሁ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ሱፍ ኖርሁ። ይህ ኑዛዜ ይህን ያህል ከሚሳሳት ሰው አፍ የሚወጣ መሆኑ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

አንደኛ። የምኖርበት ቤት ለሴት ልጄና ለወንድ ልጄ እኩል ይሁን። ጣሪያው ያፈሳል። የማስጠገኛው ገንዘብ ባንክ ተቀምጧል፤ ያላስጠገንሁት ስስታም ስለሆንሁ ነው የሚባለው ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

ሁለተኛ። ሰው የሰበሰብሁት ለዚህ አንቀጽ ነው። ታናሽ እህቴን ሴት ልጄ ሄዳ አምጥታታለች። ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ዛሬ ደጄን ረገጠች፤ ተቀመጪ ብትባልም ከበሩ አጠገብ ቆማለች።

የልብስ ማጠቢያ ቤቱን እኔና እሷ በእኩል ገንዘብ ከፈትነው። እሷ ታጥባለች፣ እድፍ ታስለቅቃለች፣ ትተኩሳለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ማን እንደደከመ የሁለታችንን እጅ አይቶ መፍረድ ይቻላል። ትልቁን ማጠቢያ ማሽን በስድሳ ሺህ ገዛን። እንዲህ ያለ ዕቃ ሲገዛ ዋጋው በገዙበት ዓመት ብቻ ወጪ ተብሎ አይጻፍም፤ ያገለግላል በተባለበት ዘመን ላይ ይከፋፈላል። እኔ አምስት ዓመት ያገለግላል አልሁ። በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሺህ እየቀነስሁ ስጽፍ በአምስተኛው ዓመት መጨረሻ ማሽኑ በመዝገቤ ዜሮ ሆነ። ሱቁን ለአሥር ዓመት ለመያዝ የከፈልነውን ገንዘብም፣ የማይጨበጥ መብት ቢሆንም፣ በአሥር ከፍዬ እንዲሁ አሟጠጥሁት።

በአሥረኛው ዓመት ባሏ ታመመና ድርሻዋን ጠየቀችኝ። መዝገቡን ገልጬ የሣጥኑን ገንዘብ እኩሌታ፣ ሦስት ሺህ፣ ከግማሽ በርሜል ሳሙና ጋር ሰጠኋት።

«ማሽኑስ?» አለችኝ።

«እሱ በመዝገብ አልቋል» አልኋት።

«ጋሼ፣ እየዞረ እኮ ነው። አታየውም?»

በእርግጥም ከኋላዬ እየዞረ ነበር። ዜሮ መሆኑን የነገርኋት ድምፁን ለማሸነፍ እየጮኽሁ ነው። ከዚያ በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠበ። ሱቁን ስሸጥ ገዢው ለዚያው ማሽን አርባ ሺህ ቆጥሮ ሰጠኝ፤ እኔም ዓይኔን ሳላሽ ተቀበልሁ።

ስሌቱ ልክ ነበር። ነገር ግን ቅናሹ የከፈልነውን ዋጋ በዓመታት ላይ ያድላል እንጂ ዕቃው ዛሬ ምን ያወጣል ለሚለው መልስ አይሰጥም። ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። እኔም አውቀው ነበር፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የባሰም አለ። ሰፈርተኛው ሱቁን በሰሌዳው ስም ጠርቶት አያውቅም፤ «እትዬ ጋ» ነበር የሚለው። እህቴ የዘይትን እድፍ ከቅቤ እድፍ አሽትታ ትለይ ነበር። በገንዘብ ያልተገዛ ዝና እንደ ንብረት አይመዘገብም ይላል የሙያችን ደንብ፤ ስለዚህ አልጻፍኋትም። ከሄደች በኋላ ደንበኛው ሁሉ «እትዬ የሉም?» ይለኛል። «ወጣ ብላለች» እያልሁ ሦስት ዓመት ዋሸሁ። በመዝገብ ያልነበረች ሴት ስትሄድ ገቢው በግማሽ ወረደ፤ እሱን ግን በጥንቃቄ ጽፌዋለሁ።

ባሏ በዓመቱ ሞተ። ለሕክምናው የጎደለው ያንተ ዜሮ ነው ብላ አታውቅም። እኔ ግን ባሰብሁት ቁጥር አፍራለሁ።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሁለቱንም ሆኜ ተገኝቻለሁ። ስለዚህ ከሱቁ ሽያጭ ባንክ ካለው ገንዘብ እኩሌታው ለእህቴ ይሰጥ።

እዚህ ላይ ወንድ ልጄ «አባዬ፣ ይሄ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት ያለፈው ነገር ነው» አለ። የተናገረው ይጻፍ ብያለሁ። የእኔ ልጅ መሆንህ በዚህ ይታወቃል፤ አንተም ዘመን ሲቆጠር ዕዳ የሚያልቅ ይመስልሃል።

ሦስተኛ። ከሱቁ ያወጣሁት ትልቁ መስታወት ከምስክሮቼ አንዱ ለሆነው ለወዳጄ ለፀጉር አስተካካዩ ይሁን። ከመለጥሁ ሃያ ዓመት ቢያልፈኝም እንዳይከፋኝ ብሎ መቀሱን በባዶው ያንቀጫቅጭልኛል።

ጠበቃው አቋረጠኝ። «ጋሼ፣ ይቅርታ፤ በኑዛዜ የሚመሰክር ሰው ከኑዛዜው ምንም አይወስድም። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ።»

ፀጉር አስተካካዩ «መስታወቱ ቁመቱ ስንት ነው?» አለ። ሁለት ሜትር ነው አልሁት። «እንግዲህ ለምስክርነት ሰው አይጠፋም» ብሎ ከአግዳሚው ተነሣና ከልጆቼ ጎን ተቀመጠ።

ሦስት ምስክር ቀረ። ልጄን ጎረቤት ጥራ ልለው ስል እህቴ ከበሩ መጥታ ከባዶው ቦታ ተቀመጠች።

«እትዬ» አላት ጠበቃው፣ «እዚያ ከተቀመጡ ገንዘቡን ያጡታል።»

«ሰምቻለሁ። አሁን ለሰውዬው ስትነግረው ቆሜ ነበር።»

«እቴ፣ ግማሹ ያንቺ ነው። ተነሽ፣ ተይ» አልኋት።

«ጋሼ፣ ገንዘቡን የፈለግኩት ያኔ ነው፤ ያኔ በሽተኛ ነበረብኝ። አሁን የምፈልገው ይሄን ከአፍህ መስማቴን መፈረም ነው። አሥር ዓመት ስሠራ አንድ ወረቀት አስፈርመኸኝ አታውቅም፤ ስንለያይ እንኳ።» ወደ ጠበቃው ዞረችና «የገንዘቧን መስመር ሰርዛት። ከሌላው ግን አንዲት ፊደል እንዳትነካ» አለችው።

እንዳለችው ይሁን። የተሰረዘው ገንዘብ ለልጆቼ ይደርሳል። ምን እንደምታደርጉበት አልናዘዝም፤ የአክስታችሁን ቤት ታውቁታላችሁ።

ይህ ኑዛዜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኔና በአራቱ ምስክሮች ፊት ጮክ ተብሎ ተነብቧል፤ ቃሌ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ምስክሮቹም እያንዳንዳቸው ሥራቸውን በእጃቸው ጽፈው ፈርመዋል።

ተናዛዥ፦ ጡረተኛ የሒሳብ ሠራተኛ (ፊርማ)
አንደኛ ምስክር፦ መምህር (ፊርማ)
ሁለተኛ ምስክር፦ የመድኃኒት ቤት ባለሙያ (ፊርማ)
ሦስተኛ ምስክር፦ ልብስ ሰፊ (ፊርማ)
አራተኛ ምስክር፦ የልብስ ማጠቢያ ቤቱ እኩል ባለቤት (ፊርማ)