የሁለቱን ገዢዎች ዋጋ የመረመሩት የግሌኒስ ታትሎ የሕይወት ታሪክ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955፣ ሎብስተር የሚባለው ሸርጣን መሰል የባሕር እንስሳ በሚጠመድበት ወቅት፣ የምዕራቡ ነፋስ አልቆመም። ጀልባዎች ወደብ ላይ ታስረው ከረሙ። ወጥመዶች ባሕር ውስጥ ቀሩ። ደፍረው ከወጡት ሁለቱ ከዓለት ጋር ተላትመው ተሰበሩ፤ ከሰዎቹ አንዱ አልተገኘም። ወደባችን ሄስከት ቤይ ያን ዓመት በድንችና በጨው በተያዘ የባሕር ወፍ ሥጋ አለፈ።

ግሌኒስ ታትሎ በዚያው ወቅት፣ ማርች 14 ቀን፣ በታዝማኒያ ደሴት ምዕራብ ዳርቻ እዚሁ ሄስከት ቤይ ተወለዱ። አባታቸው ሎብስተር አጥማጁ አቶ ሌስሊ ታትሎ፣ እናታቸው ወይዘሮ ዩና ፒርስ ይባላሉ። ከእሳቸው በላይ ያለው ይህን የጻፈው ወንድማቸው ክላይቭ ብቻ ነው።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በወደቡ ትምህርት ቤት ተከታተሉ። ወንድማቸው ቶሎ ትምህርቱን ትቶ ጀልባ ላይ ወጣ። እሳቸው ግን ሆባርት ሄደው፣ አክስታቸው ቤት ተቀምጠው ሁለተኛ ደረጃን ጨረሱ። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1977 በምጣኔ ሀብት ተመረቁ። አባታቸው በምርቃቱ ዕለት ሙሉ ልብስ ተውሰው ለብሰው ነበር። እጅጌው አጠራቸው። ሲጎትቱት ዋሉ።

ከ1978 ጀምሮ ካንቤራ፣ የንግድ ውድድር ሕግን በሚያስከብረው መሥሪያ ቤት ሠሩ። ሥራቸውን ለአባታቸው ሲያስረዱ እንዲህ ይሉ ነበር፦ «ሕጉ ነጋዴዎች ተስማምተው ዋጋ አይወስኑ ይላል፤ እየተዋሃዱም ውድድርን አያጥፉ ይላል። ግን ተስማምተዋል ወይ? ውድድሩስ ይጠፋል ወይ? ይህን ሕጉ አይነግርህም። ዋጋውን፣ መንገዱን፣ የሰዉን አማራጭ የሚመረምር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ።»

አባታቸውም «ታዲያ ይሄን ለማወቅ ካንቤራ ድረስ ምን አስኬደሽ? እዚህ የጀልባ ማራገፊያው ላይ አትቀመጪም ነበር?» ይሏቸው ነበር።

በ1981 የሙዚቃ መምህር ከሆኑት ከአቶ ግራሃም ፔል ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። ሮሳሊንድ የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። በ1990 ዶክትሬታቸውን አግኝተው ወደ ሆባርት ተመለሱና በዩኒቨርሲቲው አስተማሩ።

በ1996 የሆነውን ሳልጽፍ አላልፍም። እዚህ የተቀመጡት ብዙዎቹ ስለሚያውቁት፣ ልጆቻቸው ደግሞ ስለማያውቁት ነው።

በወደባችን ሎብስተር የሚገዙ ሁለት የንግድ ቤቶች አሉ፤ ብራይደን እና ሃርገን። ሁለቱም በየጠዋቱ በየበራቸው የሚለጥፉት ዋጋ አንድ ነበር። አጥማጆቹ «ገዢዎቹ ተስማምተው ዘረፉን» ብለው ጠበቃ ያዙ። ጠበቃው የምጣኔ ሀብት ባለሙያ ምስክር አምጡ አላቸው። የሌስሊ ልጅ አለችልን አሉ። ግሌኒስ ያለ ክፍያ ሲመረምሩ ከረሙ፤ ከዚያ በወደቡ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ።

የአጥማጆቹ ሊቀመንበር አቶ ኪት ማርሻም ጀመሩ። «እስቲ ንገሪን፣ የሌስሊ ልጅ። ሁልጊዜ አንድ ዋጋ። ይሄ ስምምነት ካልሆነ ምንድነው? መንታ ናቸው?»

«ኪት፣ አንተና ክላይቭ ማዕበል ሲመጣ እኩል ወደብ ትገባላችሁ። ተማክራችሁ ነው?»

«ከክላይቭ ጋር ከምማከር ባሕር ውስጥ ብሰጥም ይሻለኛል።»

ሰዉ ሳቀ። ግሌኒስም ሳቁ። ከዚያ ቀጠሉ። ሁለቱም ቤቶች የሚሸጡት ሆንግ ኮንግ ነው፤ የሚጭኑት በአንድ አውሮፕላን ነው፤ ወጪያቸው አንድ ነው። የሚፎካከሩ ሰዎችም አንድ ዋጋ ላይ ይደርሳሉ አሉ።

«አምና ሃርገን የውሃ ፓምፑ ተሰብሮ ሲዘጋ ብራይደን ምን አደረገ?» ብለው ጠየቁ።

«ዋጋ ጣለብን እንጂ።»

«ሆንግ ኮንግ ወርዶ ነበር?»

«አልወረደም።»

«ሃርገን ሲከፍትስ?»

«በማግስቱ መለሰው።»

«ተስማምተው ቢሆን ኖሮ የሃርገን መዘጋትም መከፈትም ዋጋውን ባልነካው ነበር። ብራይደን ተፎካካሪው ሲጠፋ ጣለ፤ ሲመለስ ፈርቶ ከፈለ። ተስማምተዋል ብዬ መመስከር አልችልም። እናንተ መፍራት ያለባችሁ አንድ የሆኑ ቀን ነው።»

አቶ ኪት ባርኔጣቸውን አነሱ። «በእኛ ባሕር ያደግሽ ልጅ። ለእነሱ ጠበቃ ሆነሽ መጣሽ» ብለው ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጠበቃው ጉዳዩን ተወው።

አባታችን በጃንዋሪ 1997 አረፉ። በሄስከት ቤይ የባሕር ሰው በሚቀበርበት ቀን ጀልባ አይወጣም። አያቶቻችንም እንዲሁ ነበሩ። የአባታችን ቀብር ዕለት ግን ሁሉም ወጡ። ከዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የሞተሮቹ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሬሳውን የግሌኒስ ወንድም፣ አቶ ግራሃም፣ ቄሱና ፖስተኛው ተሸከሙ። ግሌኒስ በር ላይ ቆመው ድምፁን ሰሙ። «ይሄ ለእኔ ነው፤ እሱ ግን ምን አደረገ?» አሉ። ሰዉ ሰላምታ ስለነሳቸው፣ ከዚያ በኋላ ወደ ወደቡ ሲመጡ ሱቅ የሚሄድላቸው ወንድማቸው ነበር።

በ2008 ብራይደንና ሃርገን ሊዋሃዱ መሆኑን አስታወቁ። የካንቤራው መሥሪያ ቤት በፍርድ ቤት ተቃወመ። ግሌኒስንም በባለሙያ ምስክርነት ጠራ። የቤቶቹ ባለሙያ አጥማጆቹ ዋጋ ካነሳቸው በታዝማኒያ ወዳሉ ሌሎች ገዢዎች መሄድ ይችላሉ አለ። ካርታ ላይ እውነት ይመስላል። ግሌኒስ ማራገፊያው ላይ መጥተው ተቀመጡ። የሚያናግራቸው ጥቂት ነበር። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ዋጋው ትንሽ ቢወርድና በዚያው ቢቀር ወዴት ትሄዳለህ? መልሱን በቃል ብቻ አልተቀበሉም። ያኔ የሃርገን ፓምፕ በተሰበረበት ጊዜ ማን የት እንዳራገፈ አጣሩ። ማንም ከርዕሰ ምድሩ፣ ወደ ባሕር ከገባው የመሬት ጫፍ፣ ወዲያ አልሄደም። በምዕራብ ነፋስ ዞሮ የሚያልፍ ጀልባ የለም፤ በጭነት መኪና የሚላክ ሎብስተርም ኮረብታውን ሲሻገር ይሞታል። ገበያችን የሚያበቃው ርዕሰ ምድሩ ጋ ነው፤ ሁለቱ አንድ ከሆኑ አጥማጁ የሚሸጥለት አንድ ሰው ብቻ ነው አሉ።

የቤቶቹ ጠበቃ ተነሣ። «ወንድምዎ ለእነዚህ ቤቶች ይሸጣሉ። ለወገንዎ አያደሉም?»

«በ1996 አጥማጆቹ በደንበኞችዎ ላይ እንድመሰክርላቸው ጠይቀውኝ ነበር። ማስረጃው አልደገፋቸውም፤ እምቢ አልኩ። ከዚያ ወዲህ በተወለድኩበት ወደብ ሰላም የሚለኝ ወንድሜ ብቻ ነው። ዛሬ የምናገረው የዚያኑ ጊዜ ማስረጃ ነው። የዚያን ጊዜ ደንበኞችዎ ወደውት ነበር።»

ዳኛው ውህደቱን ከለከሉ። ሁለቱ ቤቶች እስከ ዛሬ በየፊናቸው ይገዛሉ።

ከፍርዱ በኋላ ማንም መጥቶ አላመሰገናቸውም። ሱቅ ውስጥ ግን ሰላምታ ተመለሰ። እሳቸውም ምስጋና አልጠየቁም። በ2015 ጡረታ ወጡ። አቶ ግራሃም በ2017 ከዚህ ዓለም ተለዩ። ባለፈው ዓመት ቆሽታቸውን ካንሰር ያዛቸው። ሐኪሞቹ የሚቻላቸውን አደረጉ። በኦገስት ወደ ወንድማቸው ቤት መጡ፤ አልጋቸው በባሕሩ በኩል ባለው መስኮት ሥር ተደረገ። ሕመሙ ሲጠነክር የልጃቸውን ስምና የአባታቸውን ስም ይጠሩ ነበር። ኖቬምበር 18 ቀን 2019፣ ረፋድ ላይ፣ በስልሳ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ልጃቸውን ሮሳሊንድን፣ የልጃቸውን ልጅ ኦወንንና ወንድማቸውን ክላይቭን ትተዋል። እውነትን ለወዳጅም ለባዕድም በአንድ ሚዛን የሰጡትን የግሌኒስን ነፍስ እግዚአብሔር በምሕረቱ ይቀበል። የቀረነውን ያጽናን።

ሞታቸው በተሰማ በማግስቱ አቶ ኪት ማርሻም ወደ ወንድማቸው በር መጡ። አርጅተዋል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት። አልገቡም።

«ክላይቭ፣ ዓርብ ማንም አይወጣም።»

«የወቅቱ መክፈቻ እኮ ነው።»

«አውቃለሁ። ተነጋግረናል።»

«እሷ የባሕር ሰው አልነበረችም፣ ኪት።»

«አንዱ ለእሷ ነው። አንዱ ለሌስሊ። ቅዳሜም አንወጣም።»

ዛሬ ዓርብ ነው። ይህ ሲነበብ የሄስከት ቤይ ጀልባዎች በሙሉ ታስረዋል። የአባታችንን ቀን ነገ ይከፍሉታል።