ያልጻፍኳት አንዲት መስመር

ውድ ጋሼ፣

ስልክ ስለማያነሱልኝ ይኸው በወረቀት መጣሁብዎ። ቢቀየሙኝ እውነትዎን ነው። ብቻ አንብበው ሳይጨርሱ እንዳይጥሉት፣ አደራ።

የሆስፒታላችን ድንገተኛ ክፍል ስልክ የተቆራረጠው በእርስዎ ጥፋት አይደለም። በእኔ ነው።

ስልኮቹና የራጅ ምስሎቹ የሚሄዱት በአንድ ኬብል ነው፤ ምስሎቹ ሲግተለተሉ የሰው ድምፅ መሃል ላይ ይዋጣል። ይህን እንዳስተካክል ባዘዙኝ ቀን ወንበርዎን ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። "ይሄ የሊኑክስ ማሽን የቱ የመረጃ ፓኬት እንደሚቀድም ለራሱ ያውቃል፤ መስመሩን ለሚያከፋፍለው ስዊች ግን ካላዘዝሽው አይነግረውም። ለስልኮቹ ለብቻ በከፈልነው የኔትወርክ መስመር፣ በቪላኑ ላይ፣ የውስጡን የቅድሚያ ቁጥር ስዊቹ ከሚያነበው የውጪ ምልክት ጋር አገናኚው። አለዚያ ሁሉም ዜሮ፣ ማለትም ቅድሚያ የሌለው፣ ተብሎ ተለጥፎበት ይወጣል" አሉኝ።

የውስጡን ስድስት ከውጪው አምስት ጋር አገናኘሁ፤ ድምፁ ጥርት አለ። የድንገተኛ ክፍሏ ነርስ ደውላ "ጎረቤት ሆናችሁ እንዴ?" ብላ ሳቀች። እርስዎም እንደ ልማድዎ "ጻፍሽው፣ አንቺ ችኩል?" አሉኝ። ትእዛዙ ማሽኑ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ ካልተጻፈ፣ ጠፍቶ ሲበራ እንደሚረሳው አሳምሬ አውቃለሁ። "አዎ" አልኩ። አልጻፍኩም ነበር። ሰርቪስ እንዳያመልጠኝ፣ ነገ እጽፈዋለሁ ብዬ ነው። ነገም ረሳሁት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ መብራት ሄዶ ማሽኑ እንደገና ተነሳ። ሐኪሟ የመድኃኒት መጠን በስልክ ስታዝዝ ቁጥሩ ላይ ድምፁ ተቆረጠ። ነርሷ በግምት ሳትሰጥ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ስለጠየቀች በሽተኛው ተረፈ። አለቃችን "ማነው ይሄን የነካው?" ብሎ ሲያፈጥ እርስዎ ወደ እኔ እንኳ ሳያዩ "ኃላፊው እኔ ነኝ" አሉ። እኔ አፌን ዘግቼ ስክሪኑ ላይ ተተከልኩ። በሳምንቱ መልቀቂያ አስገቡ። በዚያ ዝምታዬ እስካሁን አፍራለሁ፣ ጋሼ።

ማክሰኞ ለአለቃችን ሁሉንም ነገርኩት። መጀመሪያ ጮኸብኝ። ከዚያ ቁጭ አለና "እሳቸውን በምን ዓይኔ ነው የማያቸው?" አለ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጥቶኛል፤ ሲያንሰኝ ነው። ቦታዎ እንዳልተያዘና ራሱም መጥቶ ይቅርታ እንደሚጠይቅዎ ንገሪልኝ ብሏል።

ዛሬ ጠዋት ለነርሷ ተለዋጭ ስልክ ሰጥቼ ማሽኑን ሆን ብዬ አጥፍቼ አበራሁት። ራጅ ክፍሉ ትልልቅ ምስሎቹን እየላከ ነርሷ በስልክ ከአንድ እስከ ሃያ ቆጠረችልኝ፤ አንድም ቁጥር አልጎደለም። በደስታ ለእርስዎ ልናገር ዞር ስል ወንበርዎ ላይ የኬብል ካርቶን ተቆልሎበታል። ካርቶኑን አንስቼ ወንበሩን ወለወልኩት።

ሰኞ ይምጡ። ለመምጣት ልብዎ እምቢ ካለም አልፈርድብዎትም፤ ያን ቀን ለጠየቁኝ ጥያቄ ግን እውነተኛውን መልስ ይቀበሉኝ።

ጽፌዋለሁ፣ ጋሼ።

ችኩሏ ተማሪዎ