ከገጽ ሠላሳ አንድ የመጣችው ልጅ

…አንቺ ወለሉ ላይ ተዘርረሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ፣ አንድ ዐይንሽን እንደ ክር ከፍተሽ ታይኛለሽ፤ እኔ በላይሽ ቆሜ፣ ማልቀሴን አለማልቀሴን እየጠበቅሽ መሆኑ ገብቶኝ፣ አላለቅስም ብዬ። ስንት ዓመቴ ነበር? አምስት? ከዚያ በኋላ ያለው ጠፍቶብኛል። እማዬ የገባች ይመስለኛል። ወይም አልገባችም።

እታለም፣ ደብዳቤ እንዲህ እንደማይጀመር አውቃለሁ። ሰላምታው ይቅደም ትይኝ ነበር። እሺ፣ ይቅደም። እንዴት ነሽ? ዐይንሽስ ከዚያ ከስፌት መኪና መርፌ ጋር እንዴት ሆነ? መነጽሩን ታደርጊዋለሽ ወይስ ከነቤቱ አስተኝተሽዋል? የእማዬ ጉልበት፣ የአባባ ወገብ፣ የመንትዮቹ ጥርስ፣ አንድ በአንድ ጻፊልኝ። «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ አትለፊኝ። ባለፈው ደብዳቤሽ ይህንኑ ሁለት ጊዜ ጽፈሽዋል፤ አንዱ ላይ ቀለሙ ጠቁሯል፣ ደግመሽ የሄድሽበት ይመስላል። «አባባ ሰላም ይሉሻል» የሚለው ደግሞ የለም። ረስተሽው ይሆናል። እኔ ግን ሰሞኑን የሰው ቃል እየገለበጥኩ ስፌቱን ማየት ልማድ ሆኖብኛል። ምክንያቱን ልንገርሽ። በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ክፍላችን ውስጥ ከእኔ ሌላ ሰባት ሰው ስላለ ነው። ሰባት ሰው ማለት ዐሥራ አራት ጆሮ ነው።

የአቻ ለአቻ ጤና አስተማሪ ሆኛለሁ። ሐኪም አይደለሁም፣ ነርስም አይደለሁም፤ ተማሪ ሆኜ ለተማሪ የምናገር፣ ይልቁንም ተማሪን የምሰማ ማለት ነው። ለሐኪም መንገር ያፈረ ለእኩያው ይናገራል ተብሎ ነው። ለምን ገባሽበት ትይኝ ይሆናል። ማስታወቂያው ላይ «ሰው የሚያምናት» የሚል ቃል ነበረበት። እኔን ሰው ያምነኛል ወይ ብዬ ራሴን ሳልጠይቅ ፈረምኩ። ዐሥር ቀን ሠልጥነን አረንጓዴ ሰደርያ ለበስን፤ የእኔው ስለሰፋኝ ጎኑን በመርፌ ቁልፍ ይዤዋለሁ። ብታይው ታፍሪብኛለሽ። የዶርም ልጆች «ክብርት ሚኒስትር» ይሉኛል። እንድናድለው የተሰጠንን ኮንዶም ወንዶቹ ነፍተው ኮሪደሩ ላይ ኳስ ተጫወቱበት፤ አንደኛው «ክብርት ሚኒስትር፣ ጥራቱን እየመረመርንልሽ እኮ ነው» አለኝ። ሳቅሁ። መሳቅ ነበረብኝ፤ የምትቆጣ አስተማሪ ዘንድ ማንም አይመጣም ብለውናል።

የምሠራበት ክፍል ከደረጃው ሥር ነው። ቀድሞ የተሰበረ ወንበር ማስቀመጫ ነበረ። ጣሪያው ደረጃውን ተከትሎ ስለሚያጋድል ረጅም ሰው አጎንብሶ ነው የሚገባው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ መጋረጃ፣ ግድግዳው ላይ የሰውነት ክፍሎችን የሚያሳይ ሥዕል፤ ለሥዕሉ አንዱ ጢም አብቅሎለታል። ሰው በወጣ በወረደ ቁጥር አናቴ ላይ ይረግጣል። ቀጥሎ ያለው ክፍል የነርሷ ነው፤ ሁላችንም ሲስተር እንላታለን። መዝገቤ ላይ ስም አይጻፍም። ቁጥር፣ ጾታ፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ዓመት፣ በቃ። ስም መጠየቅ ክልክል ነው።

የሥልጠናው የመጨረሻ ቀን አሠልጣኛችን መነጽሩን አውልቆ እየጠረገ፣ «በዚህ ወር ውስጥ ለእያንዳንዳችሁ ሰው እልካለሁ» አለ። የሌለበትን በሽታ አለብኝ ብሎ የሚመጣ። ተገቢውን ካላደረግን፣ ወይም የነገረንን ካወጣን፣ ሰደርያውን እንመልሳለን። አንዷ በምን እናውቀዋለን ብትለው፣ «ካወቃችሁትማ ምኑን ተላከ!» አለና ሳቀ። እኛም ሳቅን። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን፣ እታለም፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጥ ሁሉ ለእኔ ተላኪ ሆነ።

ምልክት አወጣሁ። ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይደነቃቀፍ የሚናገር፣ ተላኪ ነው። ሰዓት የሚያይ፣ ተላኪ ነው። ሲናገር እጄን እንጂ ፊቴን የማያይ፣ እሱንም ጠረጠርኩ፤ ፊቴን የሚያየውንም ጠረጠርኩ። አንድ ረጅም የምህንድስና ተማሪ ራሴን ያመኛል ብሎ መጣ። ሲገባ ጣሪያው አናቱን መታውና «አሁን ደግሞ የእውነት አመመኝ» አለ። ስለ እንቅልፉ ጠየቅሁት፣ ውሃ ትጠጣለህ ወይ አልኩት፣ ዐይንህን ተመርመር ብዬ ላክሁት። ይሄስ እውነተኛ ነው አልኩ። ቀልደኛ ሰው አይላክም ብዬ።

የዛሬ ሦስት ሳምንት፣ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ አንዲት ልጅ መጣች። ቀኑ ይሞቅ ነበር፤ እሷ ግን ወፍራም ሰማያዊ ሹራብ ለብሳ እጅጌውን እስከ ጣቷ ስባዋለች። ገና ሳልጠይቃት፣ ሳል ከያዘኝ ሦስት ሳምንት አለፈኝ አለች። ሌሊት ያልበኛል አለች። ልብሴ ሰፋኝ አለች። ምግብ አስጠላኝ አለች። በዚሁ ቅደም ተከተል። እታለም፣ የሥልጠና መጽሐፋችን ገጽ ሠላሳ አንድ፣ ምሳሌ ሦስት፣ ቃል በቃል። ሦስት ሳምንት የቆየ ሳል፣ የሌሊት ላብ፣ የክብደት መቀነስ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፤ የሳንባ ነቀርሳ ምልክት። ከገጹ ላይ ተነሥታ የመጣች ነው የመሰለችኝ። ደስ አለኝ፤ ይህን ልደብቅሽ አልፈልግም። ያዝኩሽ አልኩ በሆዴ።

ሁሉንም አደረግሁ። አየር እንዲገባ መጋረጃውን ገለጥኩ፣ ሳላቋርጣት አዳመጥኩ፣ የሪፈር ወረቀት ሞላሁ። ነገ ጠዋት አክታሽን ለሲስተር ትሰጫለሽ፣ በሽታው ከተገኘም ይድናል፣ መድኃኒቱን አለማቋረጥ ብቻ ነው አልኳት። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉ ነው። ልትነሣ ስትል ግን ነቄ መሆኔን እንድታውቅልኝ ፈለግሁ። ጠቀስኳትና፣ «ሳሉን ግን ትንሽ አበዛሽው። ነጥቤን እንዳትቀንሺብኝ አደራ» አልኳት።

 ከዚያ ሳለች፣ አፏን በእጅጌዋ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ። እኔ አጨበጨብኩላት። ሁለት ጊዜ፣ በቀስታ። ወጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታው እንደሄደች ያየሁት በኋላ ነው። ለተላኪ ምን ያደርግላታል ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ባለፈው ሳምንት ሰኞ አሠልጣኙ ውጤት ሰጠ። ከሃያ ዐሥራ ስምንት። ወረቀቱ ላይ «ተማሪው ይዞ የቀረበው ችግር፦ የራስ ምታት» ይላል። ደግሜ አነበብኩት። «ባለ ሳሏስ?» አልኩት። «የምን ሳል?» አለኝ። ለእኔ ስንት ሰው እንደላከ ጠየቅሁት። አንድ ነው አለ፤ ለሁሉም አንድ አንድ። እንዲዋሸኝ ተመኘሁ። ይህም ፈተና ይሆናል፣ ሁለተኛዋን ደብቆብኝ ይሆናል እያልኩ ፊቱን አጠናሁት። መነጽሩን ይጠርጋል። ጓደኞቼ እንኳን ደስ ያለሽ እያሉ ትከሻዬን ይመቱኛል።

መዝገቡን ከፈትኩ። ቁጥር ዐሥራ አራት፣ ሴት፣ ዐሥራ ዘጠኝ፣ ሁለተኛ ዓመት። ሌላ የለም። ለሲስተር ነገርኳት፤ ጭብጨባውን ግን አልነገርኳትም። ብዙ አየችኝና፣ ያቺ ልጅ በምትተኛበት ክፍል ስምንት ሰው እንደሚተኛ አስታወሰችኝ። «ፈልጊያት። ለምን እንደምትፈልጊያት ግን ማንም እንዳያውቅ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጆሮ ብቻ ሆንኩ። ላይብረሪ ገብቼ መጽሐፍ ሳልገልጥ እቀመጣለሁ። ካፌ ሰልፍ ላይ ሰው ከሳለ እዞራለሁ። ይህን ያህል ሰው እንደሚስል አላውቅም ነበር። ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች ልጅ ተከትዬ ግማሽ ግቢ ሄድኩ፤ ዞር ብላ «አንቺ፣ ዕዳ አለብኝ እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ናት። አሁን ተማሪው እኔን ሲያይ ሳሉን ይውጣል። «ሚኒስትሯ መጣች፣ ትንፋሽ ሰብስቡ!» ይላሉ። ወንበሬ ላይ ሰው ከተቀመጠ ሳምንት ሆነው። ማን ምን እንዳወራ አላውቅም። ምናልባት ማንም ምንም አላወራም፤ ዐይኔ በቂ ነው።

ትናንት ልብስ ማጠቢያው ጋ አገኘኋት። ሹራቡን አውልቃ እያጠበችው ነበር፤ ክንዷ እንዴት እንደቀጠነ ያን ጊዜ አየሁ። ቀና አለች። አልደነገጠችም።

«ስንት ሰጡሽ?» አለችኝ።

 ተሳስቻለሁ አልኳት። የተላክሽ መስሎኝ ነው፣ መጽሐፉ ላይ እንዳለው አድርገሽ ስለተናገርሽ ነው አልኳት። «ካፌው ግድግዳ ላይ የለጠፋችሁትን የበሽታ ምልክት ነዋ የነገርኩሽ» አለች። «እንደተጻፈው ካልነገርኳት አታምነኝም ብዬ ሁለት ቀን ስለማመደው ነበር።» ከዚያ ሳለች፣ ፊቷን ወደ ቧንቧው አዙራ። ነገ አብረን ሲስተር ጋ እንግባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጠብቅሻለሁ፣ ሰደርያውን አልለብስም አልኳት። ሹራቡን ጨመቀችው፣ አራገፈችው። «ይሄኛውስ ከስንት ነው የሚታረመው?» አለችኝ። ባልዲዋን አንሥታ ሄደች። ስትሄድ የሳቀች ይመስለኛል። ሳልም ሊሆን ይችላል።

ይኸው ከደረጃው ሥር ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ዛሬ ጠዋት ጭብጨባውንም ለሲስተር ነገርኳት። ሰደርያውን ተቀብላኝ ወንበሯ ላይ አንጠለጠለችው። እግር በሰማሁ ቁጥር ብዕሬ ይቆማል፤ ጽሑፌ እዚህም እዚያም የተቆረጠው ለዚህ ነው፣ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥሪ። ባትመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም። ዶርሟ ሄጄ ብጠራት ሰባቱ ያውቁባታል። ካልጠራኋት ሰባቱም አብረዋት ይተነፍሳሉ፣ እሷም ከዚህ ይብስ ትቀጥናለች። ሰው አንድ ጊዜ ለመታመን ብሎ ተለማምዶ መጥቶ እንዲያ ከተሸኘ፣ ሁለተኛ የሚመጣ አይመስለኝም። እኔ ብሆን አልመጣም።

አባባን ሰላም በይልኝ፤ ስትነግሪያቸው ፊታቸውን እይና የሚሉትን ሳታሳምሪ ጻፊልኝ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ፣ የሚያማትን። መንትዮቹን፣ ጥርሱ የወለቀውንም ያልወለቀውንም፣ ጉንጫቸውን። ተከራያችንን ሰዓት ሠሪውን፣ የሰጡኝ ሰዓት በቀን አምስት ደቂቃ ይቀድማል፣ ዛሬ ግን ቢዘገይልኝ ደስ ባለኝ በይልኝ። አንቺን በወረቀት አልስምሽም። ዐይንሽን ጠብቂ።

ታናሽሽ

ከደረጃው ሥር፣
ሐሙስ፣ ኅዳር 19፣ ዘጠኝ ተኩል

ፖስታውን ሳላሽግ፦ አንድ ሰው ደረጃውን እየወረደ ነው። በቀስታ። መሐሉ ላይ ቆመ። ሳል፣ በጨርቅ የታፈነ። አሁን በመጋረጃዬ ማዶ አለፈ። የሲስተር በር ተከፈተ፣ ተዘጋ።