ዴራ አላደርኩም

ማክሰኞ፣ ሰኔ 19 ቀን 1954

መኪናው አልተሰበረም። ዴራም አላደርኩም። አምና ለኮሌጁ ፈተና ናዝሬት በሰዓቱ ደርሼ፣ አዳራሹ ገብቼ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ነበር። ይኸው ጻፍኩት። ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለነፍስ አባቴም ቢሆን ዳር ዳሩን እንጂ።

የሆነው እንዲህ ነው። ወረቀቱ ታደለን። ከእያንዳንዱ ጥያቄ ሥር አራት መልስ ተጽፏል። እስከዚያ ቀን እንዲህ ያለ ፈተና በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ያደግሁት ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የኔታ አንዱን ቃል «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው» እያሉ ሲፈቱት ሁሉም ፍቺ እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ታዲያ አራት መልስ ሳይ አራቱንም እንድፈታ የታዘዝኩ መሰለኝ። የመጀመሪያው በምን በኩል እውነት እንደሚሆን ጻፍኩ። ሁለተኛውም በምን በኩል። ጠርዙ ሞላ፣ ወደ ጀርባው ገለበጥኩ። አራተኛው ጥያቄ ላይ ቀና ብል ጎኔ ያለው ሰው ፊደል ብቻ እያከበበ ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሷል። ወረቀቴን አየና ሳቁን በእጁ አፈነ። ተነሥቼ ወጣሁ።

አሰላ ስመለስ «መንገድ ላይ ዴራ ስንደርስ መኪና ተሰበረብን፣ እዚያው አደርን፤ ፈተናው አመለጠኝ» አልኩ። ሁሉም አዘነልኝ። «ለበጎ ነው» ተባልኩ።

ዛሬ ለምን ቆረቆረኝ? በሚመጣው ሳምንት ልንፈተን ነው፤ እኔ እንደገና፣ አብረውኝ የሚያስተምሩት መምህር ገመቹና ወይዘሪት ሙሉ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ። ፈተናውን ያለፈ የኮሌጁን የመጀመሪያ ዓመት እንደተማረ ይቆጠርለትና አንድ ዓመት ብቻ ተምሮ ይመለሳል። የወደቀ ሁለት ዓመት። እኔ ሁለት ዓመት ከቀረሁ ልጄ ጥሩወርቅ አቦምሳ አክስቷ ዘንድ ልትሄድ ነው። እናቷ አስካለ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ብትኖር ሌላ ነበር።

ዛሬ ከኮሌጁ መልስ መጣ። የመለማመጃ ጥያቄ እንዲላክልን ጠይቀን ነበር፤ የለም ተባልን። ገመቹ «አይተነው የማናውቀውን አውሬ ልናድን ነው» አለ።

እኔ አውሬውን አይቼዋለሁ።


ረቡዕ፣ ሰኔ 20

ዝናብ። ማታውን እኔ ቤት ተሰብስበን አጠናን። ገመቹ ከመማሪያ መጽሐፉ ስለ ዓባይ ወንዝ የሚናገረውን ገጽ በእንግሊዝኛ በቃሉ ይወጣዋል። ድርሰት ጻፉ የሚሉን መስሎታል። ጥሩወርቅ መጽሐፉን ይዛ ትከታተለዋለች።

«ጋሽ ገመቹ፣ አንድ ቃል ዘለሉ።»

«አንቺ ልጅ፣ ዳኛ ነሽ ቀማኛ?»

«የዘለሉትን ነው የቀማሁዎት።»

ሰባተኛ ክፍል ናት፤ እንግሊዝኛዋ ከእኔ ይሻላል። ይህን ስጽፍ ኩራት ይሰማኛል፤ ኩራቱ ኃጢአት ከሆነ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ስንበተን ገመቹ ካፖርቱን እየደረበ «ጋሼ ወልዴ፣ ዘንድሮስ ዴራ ላይ ዘመድ አበጅተዋል? ዳግመኛ ቢያድሩ አልጋ እንዳይቸግርዎ» አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ወይዘሪት ሙሉ በሩ ላይ ቆማ፦ «ለአንዱ ጥያቄ ስንት ገጽ እንጻፍ ይሆን?»

«ማን ያውቃል» አልኩ።


ሐሙስ፣ ሰኔ 21

ማርያም ናት። ሳይነጋ ደጀ ሰላም ደረስኩ። «እመቤቴ፣ እንዳልፍ እርጂኝ» ልል ሄጄ አፌ እምቢ አለኝ። ምን ብዬ ልለምን? መልሱን ደብቄ መልስ ልለምን?

ከሰዓት በኋላ ገመቹ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቀኝ።

«ጋሼ፣ እኔ ትቼዋለሁ።»

«ምኑን?»

«ፈተናውን። ያቺን የዓባይን ገጽ ለመያዝ ሳምንት ፈጀሁ። መጽሐፉን ያዩት የለም? ያን ሁሉ ማን ይችለዋል? ጫልቱ ደግሞ ልትወልድ ቀርባለች። አንድ ዓመት ቢሆን እናቴ ትይዝልኝ ነበር። ሁለት ዓመት ግን ልጄ አባቱን በፎቶግራፍ ነው የሚያውቀው። ይቅርብኝ።»

አፌን ከፈትኩ። የወጣው «አይዞህ» ብቻ ነው። እሱም «እሺ ጋሼ» ብሎ በጭቃው ውስጥ ሄደ።

ምን ፈራሁ? የወይዘሪት ሙሉን ሳቅ። የዲሬክተሩን ዓይን። ኧረ አይደለም፤ እነዚህን እችላቸዋለሁ። የፈራሁት ጥሩወርቅን ነው። አምና ለጓደኞቿ «አባቴ ዴራ ባያድር አንደኛ ይወጣ ነበር» ስትል በመስኮት ሰምቻታለሁ።


ዓርብ፣ ሰኔ 22

ለልጄ ነገርኳት።

ምስር እየለቀመች ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የሰውየውን ሳቅ ሳይቀር ነገርኳት። እጇ ሰፌዱ ላይ ቆመ። ቀና ብላ አላየችኝም። አስካለ ስትቆጣ እንዲህ ነበር የምታደርገው።

ኋላ፦ «አባባ፣ አራቱንም እውነት ማድረግ ቻሉ?»

«ሦስቱን ጥያቄ ያህል ችያለሁ።»

«አንዱን ከመምረጥ እሱ አይከብድም?» ብላ ፈገግ አለች። ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «እኔ ግን ለሰው ሁሉ ዴራ አደረ ብያለሁ።»

«አውቃለሁ ልጄ። አዋሸሁሽ።»

እንደገና ምስሩን ለቀም ለቀም አደረገች። «ጥያቄዎቹን ያስታውሷቸዋል?»

«እንዴት ይረሱኛል!»

«እንግዲያው መለማመጃ የለም አይባላ። እርስዎ ጋ አለ።»

ዓመት ሙሉ እንደ ነውር የያዝኩትን ልጄ እንደሚጠቅም ዕቃ አንሥታ አሳየችኝ።


ቅዳሜ፣ ሰኔ 23

ጠዋት ገመቹን ቤቱ ድረስ ሄጄ ይዤው መጣሁ። «ትቼዋለሁ ብያለሁ እኮ» እያለ ነው የመጣው። ወይዘሪት ሙሉም መጣች። ባዶ ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ፊት ቆሜ ነገርኳቸው።

ወይዘሪት ሙሉ አልሳቀችም። ገመቹ ግን ብድግ አለ።

«ሳምንቱን ሙሉ ዓባይን ስዋኝ ዳር ቆመው ነበር የሚያዩኝ?»

«አዎ። በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ።»

ወደ በሩ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶን ቆመ። የጭላሎ ተራራ ደመናውን ተከናንቧል። ሳይዞር፦

«አምና ዴራ ወባ ይዞዎት ይሆናል ብዬ ማር አምጥቼልዎ ነበር።»

«አስታውሳለሁ።»

«ማሬን ይመልሱ።»

ወይዘሪት ሙሉ ያኔ ነው የሳቀችው። እሱም ዞሮ ተቀመጠ። «በሉ ይጻፉ» አለኝ፤ ድምፁ ግን ገና አልለሰለሰም። መብቱ ነው።

ጥያቄው በየዓመቱ እንደሚለወጥ አምና ፈታኙ ነግሮናል፤ ስለዚህ ሕሊናዬ አልከለከለኝም። የማስታውሳቸውን ጻፍኩ፤ በእነሱ አምሳል ከመጽሐፉ ሌላ ጨመርን። አንዱን ብቻ ምረጡ፣ ፊደሉን አክብቡ፣ የማታውቁትን ዘላችሁ እለፉ፣ ከጥያቄው ጋር አትሟገቱ አልኳቸው። ከዚያ ሦስታችንም ተራርቀን ተቀመጥን። ፈታኟ ጥሩወርቅ ናት፤ ደወሉም ዛፉ ላይ የተንጠለጠለው የመኪና ቸርኬ።

አራተኛው ጥያቄ ላይ ስደርስ ያው መጣብኝ። ሁለተኛው መልስ እውነት ነው፤ ሦስተኛውም አንድም በሌላ በኩል… እጄ ጠርዙ ላይ መጻፍ ጀመረ። ሳላስበው ከወንበሬ ተነሣሁ።

«መምህር ወልዴ» አለች ልጄ። አባባ አላለችኝም። «ደወል አልተመታም። ይቀመጡ።»

ተቀመጥኩ። የጻፍኩትን ሰርዤ አንዱን አከበብኩ።

ሲታረም ገመቹ ከግማሽ በላይ አግኝቷል። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ለጫልቱ ላሳያት» ብሎ ሮጠ፤ እንግዲህ ሊፈተን ነው ማለት ነው። ወይዘሪት ሙሉ ሁላችንንም በለጠችን። ናዝሬት ምን እንደሚጠብቀን አላውቅም፤ አቦምሳም ገና ከራሴ አልወጣችም።

እኔ ስንት እንዳገኘሁ እዚህ አልጽፍም። አንድ ነገር ግን እጽፋለሁ፤ ወረቀቴን ለልጄ የሰጠሁት ቸርኬው ከተመታ በኋላ ነው።